ያ ተራራ ከአስር ስንት ያምራል? የመልክዓ ምድርን ውበት በቁጥር ለመለካት

አንድ ጊዜ ሱሉልታ ሜዳ ላይ ያነሳኋቸውን ፎቶዎች ለሰዎች አሳይቼ ከ1 እስከ 10 ነጥብ ስጡልኝ አልኩ። ውጤቱ ደስ ይል ነበር፤ አብዛኛው ሰው 8 እና 9 ሰጠ። ደስታዬን ያበላሸው አንድ ጓደኛዬ ነው። «መቼ ነው ያነሳኸው?» አለኝ። መስከረም አጋማሽ። አደይ አበባው ሜዳውን ቢጫ አልብሶት፣ ሰማዩ በክረምቱ ዝናብ ታጥቦ፣ ሁሉም ነገር ሲስቅ። «እስቲ መጋቢት ላይ ድገመው» አለኝ። ደገምኩት። ያው ቦታ፣ ያው ስልክ፣ ያው ሰዎች። ነጥቡ ወደ 4 እና 5 ወረደ። ለካ ስለካ የቆየሁት ሱሉልታን ሳይሆን መስከረምን ነው።

ይህን የምጽፈው እንደኔ እንዳትሸወዱ ነው። የመመረቂያ ጽሑፍ የምትሠሩ የከተማ ፕላን፣ የጂኦግራፊ ወይም የቱሪዝም ተማሪዎች፣ ወይም የአካባቢ ተፅዕኖ ጥናት ላይ «የእይታ ጉዳይ» የሚል ክፍል ሙሉ ተብላችሁ ግራ የገባችሁ ባለሙያዎች ከሆናችሁ፣ ለእናንተ ነው። ዘርፉ «የመልክዓ ምድር የእይታ ጥራት ግምገማ» ይባላል። ስሙ ይከብዳል እንጂ ሥራው በስልክ፣ በኤክሴልና በጥሩ ጫማ ይጀመራል።

መጀመሪያ ለምን እንደምትለኩ ቁረጡ

ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች አሉ፣ ብዙ ሰው ያደባልቃቸዋል። አንደኛው «ከነዚህ ቦታዎች የቱ ነው ለዓይን የበለጠ የሚያምረው?» ነው። ሁለተኛው «እዚህ ቦታ ላይ ይህን ነገር ብንሠራ እይታው ምን ይሆናል?» ነው። አዳማ ዳገት ላይ የቆሙትን የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች አስቧቸው። እነሱ ከመተከላቸው በፊት የሚጠየቀው ሁለተኛው ጥያቄ ነው፤ መልሱም «በፊት» እና «በኋላ» የሚል የተቀናበረ ፎቶ ይፈልጋል። እኔ እዚህ በአንደኛው ላይ ነው የማተኩረው።

ከዚያ ደግሞ የማን ዓይን? በአስፋልቱ በመኪና የሚያልፈው፣ እዚያው የሚኖረው፣ ለንግሥ የሚመጣው ወይስ ቱሪስቱ? በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉት። መጻፍ ካቃታችሁ ሜዳ አትውጡ።

ደብዳቤ ያዙ፣ ቡና ጠጡ

የትብብር ደብዳቤ ሳትይዙ ካሜራ ይዛችሁ ገጠር ቀበሌ ውስጥ አትዙሩ። በተለይ አዲስ አበባ ዙሪያ አንድ ሰው መሬት ፎቶ ሲያነሳ ከታየ ሰዉ የሚያስበው ስለ ውበት አይደለም፣ መሬቱ ሊወሰድ ነው ብሎ ነው። እውነቱን ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ቀበሌ፣ ቀጥሎ የአካባቢው ሽማግሌዎች፣ ቡና ከቀረበላችሁ ደግሞ ተቀመጡና ጠጡ፤ በዚያች ግማሽ ሰዓት የምትሰሙት ነገር በመጠይቅ ከምትሰበስቡት ይበልጣል። ወታደራዊ ካምፕ ወይም የጥበቃ ቦታ አጠገብ ካሜራ አታውጡ። ድሮን ያለ ፈቃድ አይታሰብም።

የት ቆማችሁ እንደምታዩ ምረጡ

ቢሮ ውስጥ ጀምሩ። ኪውጂአይኤስ ነጻ የካርታ ሶፍትዌር ነው። በየካቲት 2000 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በዚሁ ናቸው) ከጠፈር መንኮራኩር በራዳር የተሰበሰበው የዓለም የከፍታ መረጃም በነጻ ይወርዳል፤ መሬቱን በትንንሽ ካሬዎች ይከፍለዋል፣ የአንዱ ካሬ ጎን 30 ሜትር ገደማ ነው። ሁለቱን አገናኝታችሁ ከአንድ ነጥብ ላይ የሚታየውንና የሚጋረደውን መሬት ማስላት ትችላላችሁ። የተመልካቹን የዓይን ከፍታ 1.6 ሜትር አድርጉ፣ የምድርን ጉብጠት የሚያስተካክለውን ምርጫም አብሩት።

ግን ካርታውን አትመኑት። የ2000 መረጃ ከዚያ ወዲህ የተሠራውን ፎቅ አያውቅም፣ ከመንገዱ ዳር ያደገውን ባሕር ዛፍም አያውቅም። ካርታው «እስከ ሸለቆው ድረስ ይታያል» ይላችኋል፤ ስትደርሱ ግን ከፊታችሁ ያለው የባሕር ዛፍ ግድግዳ ነው። በእግር ሂዱና አረጋግጡ።

ነጥቦቹን ስትመርጡ የሚያምረውን ብቻ እየለቀማችሁ አትሂዱ። ሁላችንም የምንሠራው ስህተት ነው፤ ዓይን ወደሚያምረው ይሄዳል፣ እጅም ዓይንን ይከተላል። በየ500 ሜትሩ ቁሙ ብላችሁ ለራሳችሁ ሕግ አውጡና የቆማችሁበት ቦታ ቆሻሻ መጣያም ቢሆን አንሱት። በዚያ ላይ ሰው በእርግጥ የሚቆምባቸውን ጨምሩ፦ የመንገድ መታጠፊያ፣ የቤተ ክርስቲያን ደጃፍ፣ ውሃ መቅጃ፣ የሚኒባስ ማቆሚያ። ለአንድ ትንሽ አካባቢ ከ15 እስከ 20 ነጥብ ይበቃል።

ፎቶ አነሳስ፣ ሁሉም ነገር የሚበላሽበት ቦታ

እዚህ ላይ ቀስ በሉ።

የስልካችሁ ዋና ካሜራ ሰፊ ነው፤ አብዛኛው ስልክ ከ24 እስከ 28 ሚሊሜትር ከሚባለው ሌንስ ጋር እኩል ነው። ሰፊ ሌንስ ተራራን ያሳንሳል። በዓይናችሁ ደረቱን ነፍቶ የቆመው ጋራ ፎቶው ላይ ጉብታ ይሆናል። በዚህ ዘርፍ የተለመደው 50 ሚሊሜትር ነው፣ ስለዚህ ስልኩን ወደ 2 እጥፍ አቅርቡትና ሁሉንም በዚያ አንሱ። ስልኩን አግድም ያዙት። በዓይን ከፍታ ያዙት። ፊልተር የለም፣ ቀለም ማድመቂያ የለም፤ አንዳንዱ ስልክ ሳትጠይቁት ሰማዩን ያሰማምራል፣ ያን አጥፉት።

ሰዓቱ ደግሞ ወሳኝ ነው። እኛ አገር እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ አናት ላይ ስለሆነች ጥላ የለም። ጥላ ከሌለ ገደሉም ሸንተረሩም ልሙጥ ይሆናል። ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ 3፣ ወይም ከ10 እስከ 11 ሰዓት ተኩል አንሱ፤ ግን ሁሉንም በአንዱ፣ ግማሹን በጠዋት ግማሹን በማታ አይሆንም። ፀሐይን ፊት ለፊት አትግጠሟት። በበጋ ከሩቅ ያለውን ተራራ አቧራና ጭስ ስለሚያለብሰው የጠራ ቀን ጠብቁ።

እና ወቅቱ። ታሪኬን ነግሬያችኋለሁ። ቢያንስ ሁለቴ አንሱ፣ አንዴ ክረምቱ ሲወጣ፣ አንዴ በደረቁ ወራት። ጊዜ የለኝም የምትሉ ከሆነ ሁሉንም በአንድ ሳምንት ውስጥ አንሱና ሪፖርታችሁ ላይ «ይህ የመጋቢት ውጤት ነው» ብላችሁ በግልጽ ጻፉ። ማሪ ትቬት፣ ኦሳ ኦደና ጋሪ ፍራይ በ2006 ስለ መልክዓ ምድር እይታ ሲጽፉ ከዘረዘሯቸው ዘጠኝ ጽንሰ ሐሳቦች አንዱ ይኸው የሚያልፍና የሚለዋወጥ ገጽታ ነው። ለአደይ አበባ አገር ሰው አዲስ ነገር አይደለም።

ስለ ቀን ስናወራ፣ ስልካችሁ ላይ የሚመዘገበው የፈረንጅ ቀንና ሰዓት ነው፣ ማስታወሻ ደብተራችሁ ላይ የምትጽፉት ደግሞ የኛ። ከሦስት ወር በኋላ ስትከፍቱት «3 ሰዓት» የቱ እንደሆነ አታስታውሱም። አንዱን ምረጡ።

ከፎቶው ውስጥ ሰውና እንስሳ ቢወጡ ይሻላል። አንዲት ነጭ ነጠላ የለበሰች እናት መንገዱ ላይ ከታየች ሰው ነጥብ የሚሰጠው ለእሷ ነው።

የባለሙያው መንገድ፦ እንደ መልክዕ

አሁን ወደ መለካቱ። አንጋፋው ዘዴ ባለሙያው ራሱ ቆሞ ነጥብ የሚሰጥበት ነው። አሜሪካ በ1969 ያወጣችው የአካባቢ ሕግ ዜጎች ለዓይን ደስ የሚል አካባቢ ይገባቸዋል ካለ በኋላ፣ የመንግሥት መሬትና ደን የሚያስተዳድሩት መሥሪያ ቤቶች መለኪያ ማዘጋጀት ግድ ሆነባቸው። የመሬት አስተዳደር ቢሮው በ1986 ያወጣው መመሪያ እስካሁን ድረስ ተማሪ ሁሉ የሚጀምርበት ነው።

ነገሩ እኛ ዘንድ ካለው የመልክዕ ድርሰት ጋር ይመሳሰልብኛል። መልክዕ ደራሲው ቅዱሱን ከፀጉሩ እስከ ጥፍሩ፣ ክፍል በክፍል «ሰላም ለ…» እያለ ያወድሳል። ይህም መሬቱን ክፍል በክፍል ያያል፤ ልዩነቱ ውዳሴ ሳይሆን ነጥብ መስጠቱ ነው። «መልክዓ ምድር» የሚለውን ቃል ያወጣልን ሰው ይህን አስቦ ከሆነ አላውቅም፣ ግን ገጥሟል።

ክፍሎቹ ሰባት ናቸው። የመሬቱ ቅርጽ፣ ዕፅዋት እና ቀለም እያንዳንዳቸው ከ1 እስከ 5 ያገኛሉ። ውሃ ከ0 እስከ 5፣ በዙሪያው ያለው እይታ ከ0 እስከ 5። ብርቅነት ከ1 እስከ 5፣ በጣም ልዩ ከሆነ ከ5ም በላይ። የመጨረሻው ሰው የሠራው ነገር ነው፣ ከ2 ሲደመር እስከ 4 ሲቀነስ። ድምሩ 19ና ከዚያ በላይ ከሆነ «ሀ»፣ ከ12 እስከ 18 «ለ»፣ ከ11 በታች ወይም እኩል ከሆነ «ሐ» በሉት።

ለምሳሌ ከእንጦጦ ላይ ቁልቁል አዲስ አበባን ስናይ እኔ የምሰጠው ይህን ነው፦ ቅርጽ 4፣ ዕፅዋት 3፣ ውሃ 0፣ ቀለም 3፣ ዙሪያው 4፣ ብርቅነት 3፣ ሰው የሠራው 2 ሲቀነስ። ድምር 15፣ «ለ»። እናንተ 12 ልትሰጡ ትችላላችሁ። ለዚህም ነው ቢያንስ ሦስት ሰው ለየብቻው ነጥብ ሰጥቶ በኋላ የሚነጻጸረው፤ አብራችሁ ቆማችሁ እየተወያያችሁ ከሰጣችሁ ግን የሦስት ሰው ሳይሆን የአንድ ደፋር ሰው ነጥብ ነው የምታገኙት።

አንድ ቅሬታ አለኝ። መመሪያው የተሠራው ሰው ለማይበዛበት ለምዕራብ አሜሪካ ምድር ነው። እኛ አገር ግን ውበቱ ራሱ የሰው ሥራ የሆነበት ቦታ ብዙ ነው። የኮንሶን እርከን ተመልከቱ፣ በ2011 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የሰው እጅ ስለሠራው ነው። በዚያ መለኪያ ግን ከሰባቱ ትንሹን ጭማሪ የሚያገኘው፣ ትልቁን ቅጣትም የሚቀምሰው ይኸው የሰው ሥራ ነው። ስለዚህ ለእርሻ አገር ከተጠቀማችሁበት የመጨረሻውን መለኪያ አሻሽሉት፣ ማሻሻላችሁንም ጻፉ።

ሰዎችን ጠይቁ

ባለሙያው ብቻውን ከመፍረድ ይልቅ ሕዝቡ ይፍረድ የሚለው ሐሳብ በ1970ዎቹ ጎልቶ ወጣ። ቴሪ ዳንኤልና ሮን ቦስተር በ1976 ያሳተሙት ዘዴ ሰዎች ለፎቶ ከ1 እስከ 10 ነጥብ እንዲሰጡ ያደርጋል፣ ከዚያ በስታቲስቲክስ ያስተካክለዋል። የአውሮፓ የመልክዓ ምድር ስምምነትም በ2000 ፍሎረንስ ላይ ሲፈረም መልክዓ ምድርን «ሰዎች እንደሚያዩት» ያለ አካባቢ ብሎ ነው የተረጎመው።

30 ፎቶ ምረጡ። ከነሱ በፊት ሰዉ እጁን የሚያፍታታበት አምስት ፎቶ አሳዩ፤ የነዚያን ነጥብ ጣሉት። ቅደም ተከተሉን ለእያንዳንዱ ሰው ቀያይሩ። ጎግል ፎርም ይሠራል። ቴሌግራም የምትጠቀሙ ከሆነ ግን ፎቶውን በ«ፋይል» መልክ ላኩት፣ አለበለዚያ ጨምቆ ያደበዝዘዋል። ለሽማግሌዎችና ስልክ ለማይመቻቸው ፎቶውን አሳትሙና «በጣም ከሚያምረው ጀምረው ይደርድሩልኝ» በሉ። ቁጥር ከመጠየቅ ይልቅ ማስደርደር በጣም ይቀላል፣ ጨዋታም ይመጣበታል። ከየቡድኑ ቢያንስ 30 ሰው ፈልጉ።

የጥያቄው ቃል ላይ ተጠንቀቁ። እኔ መጀመሪያ «ይህ ቦታ ምን ያህል ጥሩ ነው?» ብዬ ጠየቅኩ። አንድ አባት፣ እኔ ከሁሉም የደበዘዘ ያልኩትን ረግረግ ሜዳ አንደኛ አደረጉት። «ለምን አባባ?» ስላቸው «ሣሩን አታይም እንዴ? ላም ያጠግባል» አሉኝ። ትክክል ናቸው። ጥያቄዬ ነው የተሳሳተው። ከዚያ ወዲህ ሁለት ጥያቄ ለየብቻ እጠይቃለሁ፦ «ለዓይን ምን ያህል ያምራል?» እና «ለመኖር ምን ያህል ይመቻል?»። በሁለቱ መልሶች መካከል ያለው ልዩነት ብዙ ጊዜ ከመልሶቹ ይበልጥ ይናገራል።

ባሕር ዛፍን ውሰዱ። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን መጥቶ እንጦጦን አለበሰው። የከተማ ተማሪ ፎቶውን አይቶ «አረንጓዴ ነው፣ ያምራል» ይላል። የዕፅዋት ባለሙያው የጠፋውን ጽድና ኮሶ ያስባል፣ ውሃ መጠጣቱን ያስባል። ቅጠል ተሸክማ የምትወርደው እናት ደግሞ ሌላ ነገር ታያለች። በዘርፉ ትልቁ ክርክር ይኸው ነው፣ ያማረ ሁሉ ጤነኛ አይደለም፣ ጤነኛ ሁሉም አያምርም። ረግረግ ለወፍና ለውሃ ይጠቅማል፣ ለፎቶ ግን ዝርክርክ ነው። መለኪያችሁ ውበትን እንጂ ጤንነትን እንደማይለካ ሪፖርቱ መግቢያ ላይ አስቀምጡ።

ነጥቡን ስትሰበስቡ እንዲሁ አማካይ አታውጡ። አንዱ ሰው ቸር ነው፣ አማካዩ 8 ነው። ሌላው ቆንቋና፣ አማካዩ 4። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ሰው ነጥብ ላይ የራሱን አማካይ ቀንሱ፣ ከዚያ በራሱ ስታንዳርድ ዲቪዬሽን፣ ማለትም ነጥቦቹ ከአማካዩ ምን ያህል እንደሚራራቁ በሚያሳየው ስርጭት፣ አካፍሉ። ቸሩ ለአንድ ፎቶ 9 ሰጥቶ ስርጭቱ 1 ከሆነ፣ 9 ሲቀነስ 8 ለ1 ሲካፈል 1 ይሆናል። ቆንቋናው ለዚያው ፎቶ 6 ሰጥቶ ስርጭቱ 2 ከሆነ፣ 6 ሲቀነስ 4 ለ2 ሲካፈል እሱም 1። ሁለቱ በእርግጥ ተስማምተዋል ማለት ነው። ኤክሴል ላይ አምስት ደቂቃ ነው። ለሁሉም ፎቶ አንድ ዓይነት ቁጥር የሰጠ ሰው ካለ ግን ስርጭቱ ዜሮ ስለሚሆን አይካፈልም፤ አውጡት፣ ለነገሩ ፎቶውንም አላየውም።

ለምን አማረ?

ፎቶው ላይ 10 በ10 የሆነ መረብ አንጥፉ። 100 ሳጥን ይወጣል። ስንቱ ሰማይ፣ ስንቱ ዛፍ፣ ስንቱ እርሻ፣ ስንቱ ቆርቆሮ፣ ስንቱ ውሃ? ቁጠሩ። ኤልውድ ሻፈርና ባልደረቦቹ በ1969 ፎቶ ላይ ያሉ ክፍሎችን እየለኩ የሰዎችን ምርጫ ለመተንበይ ሲሞክሩ የጀመሩት መንገድ ነው። ከዚያ ቁጥሮቹን ከነጥቡ ጋር በሪግሬሽን አገናኙ፤ የትኛው ክፍል ነጥቡን ከፍ ወይም ዝቅ እንደሚያደርግ የሚያሳይ የስታቲስቲክስ ስሌት ነው። በ30 ፎቶ ከሁለት ወይም ሦስት ምክንያት በላይ አትጨምሩ፣ ቁጥሩ ይዋሻችኋል።

በመረብ የማይቆጠርም አለ። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ሬቸልና ስቲቨን ካፕላን ሰው አንድን ቦታ የሚወደው እርስ በርሱ ሲስማማ፣ መንገዱ ሲነበብ፣ የሚታይ ነገር ሲበዛበትና «ከዚያ ወዲያ ምን ይኖር ይሆን?» ሲያሰኘው ነው ይላሉ። ከታጠፈ መንገድ ጀርባ ያለው ነገር ይጎትታል። ለእያንዳንዱ ፎቶ ለነዚህ አራቱም ከ1 እስከ 5 ስጡ።

ኮምፒውተሩ ይሥራው ለምትሉ

ያለፉት አሥርና አሥራ አምስት ዓመታት አዝማሚያ እዚህ ነው። እንግሊዝ ውስጥ በአንድ ድረ ገጽ ላይ ሕዝቡ ከ200 ሺህ በላይ ለሆኑ የአገሪቱ ፎቶዎች ከ1 እስከ 10 ነጥብ ሰጥቷል። ተመራማሪዎች በ2017 ያንን ተጠቅመው ሰው ሠራሽ አስተውሎትን አሠለጠኑት። ሸለቆ፣ ተራራና ባሕር ዳርቻ ነጥብ ከፍ አደረጉ፤ የሚጠበቅ ነው። ቤተ መንግሥት መሰል ጥንታዊ ግንቦችም ከፍ አደረጉ። ልሙጥ ሣርና የስፖርት ሜዳ ግን፣ አረንጓዴ ቢሆኑም፣ ዝቅ አደረጉ። «አረንጓዴ ማለት ቆንጆ ማለት ነው» ለሚል ሁሉ ጥሩ መልስ ነው።

ሌሎች ደግሞ በማኅበራዊ ሚዲያ የተለጠፉ ፎቶዎችን ቦታ እየቆጠሩ «ብዙ የተነሳበት ያምራል» ይላሉ። የዓይንን እንቅስቃሴ የሚከታተል መሣሪያ የሚጠቀሙም አሉ።

ተጠቀሙባቸው፣ ግን ጠርጥሩ። የስሜን ገደል ላይ ቆሞ ፎቶ የሚለጥፈው ቱሪስቱ ነው፤ በጎቹን ይዞ በየቀኑ የሚያልፈው እረኛ አይለጥፍም። የፎቶ ብዛት የሚለካው ውበትን ብቻ አይደለም፣ መንገድ፣ ኔትወርክና ሎጅ ያለበትን ጭምር ነው። በእንግሊዝ ዝናብ የሠለጠነ ሞዴል ደግሞ የጥር ወር የጤፍ ገለባን ወርቅነት ከየት ያውቀዋል? የእናንተን 30 ፎቶና የእናንተን ሰዎች ነጥብ ይዛችሁ ሞዴሉን ፈትኑት። ካልተስማማ ሰዎቹን እመኑ።

ሪፖርቱና ድንጋዩ

ነጥቦቹን ካርታ ላይ በሦስት ቀለም አስቀምጡ። ሦስት ይበቃል። የወረዳ ኃላፊው «ውበት ምን ይጠቅማል?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ስሜን በ1978 ዓለም አቀፍ ቅርስ የሆነው፣ ባሌም በ2023 የተከተለው፣ አንዱ መስፈርት የተፈጥሮ ውበት ስለሆነ ነው በሉት። ሮጀር ኡልሪክ በ1984 ያሳተመው ጥናትም አለ፤ በመስኮታቸው ዛፍ የሚያዩ የቀዶ ጥገና ሕሙማን የጡብ ግድግዳ ከሚያዩት ቀድመው ከሆስፒታል ወጥተዋል።

በመጨረሻ የቆማችሁበትን እያንዳንዱን ነጥብ ዳግም እንዲገኝ አድርጉ። የስልክ ጂፒኤስ ጥቂት ሜትር ይስታል። ስለዚህ አንድ የማይነቃነቅ ትልቅ ድንጋይ ወይም የቤተ ክርስቲያን አጥር ማዕዘን ምረጡ፣ ከሱ ስንት እርምጃ እንደሆናችሁ ጻፉ፣ ከዚያ ጀርባችሁን አዙራችሁ የቆማችሁበትን መሬት ራሱን ፎቶ አንሱት። በ1868 ከእንግሊዝ ጦር ጋር ወደ መቅደላ ሲሄዱ የተነሱ የሰሜን ኢትዮጵያ ፎቶዎችን ተመራማሪዎች ከ140 ዓመት በኋላ እዚያው ቦታ ቆመው ደግመው አንስተዋቸዋል፤ ብዙዎቹ ቦታዎች ላይ ዛፉ ከድሮው በዝቶ ተገኘ። ያን ማድረግ የቻሉት ከፎቶው ላይ የጋራውን ጫፍና የድንጋዩን ስንጥቅ እያስተያዩ ነው። እናንተ ለሚቀጥለው ሰው ሥራውን አቅልሉለት፤ ፎቶውን ስታነሱ ቢያንስ አንድ የማይለወጥ ጫፍ ክፈፉ ውስጥ አስገቡ።